«ልጄ ለምን ገደል ይወጣል?» ለአንዲት የኮምቦልቻ እናት የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምኖር እናት ነኝ። የ22 ዓመት ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሐረጎና ወደ ደሴ ዙሪያ እየሄደ ገደል ይወጣል። «ለምን?» ስለው «እማ፣ እዚያ ላይ ስሆን ጭንቅላቴ ያርፋል» ይለኛል። ይህ ልጅ ሞትን አይፈራም ማለት ነው? ሕመም ይሆን? ልከልክለው ወይስ ልተወው? አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ልየው ብልስ በጓደኞቹ ፊት አሳፍረው ይሆን?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎችዎ በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መልስ የሚፈልጉ ናቸውና ይበልጥ ከሚያስጨንቅዎት ልጀምር። ገደል ወይም ተራራ መውጣትን መውደድ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ሞትን የመፈለግ ምልክትም አይደለም። ልጅዎ «ጭንቅላቴ ያርፋል» ማለቱም እናቱን ለማባበል ያመጣው ሰበብ ሳይሆን፣ ተራራ ወጪዎችን ያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከብዙዎች አንደበት የሰሙት ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል አብሽሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ መውጣት መፈለጉ ሳይሆን፣ ወጣቶች፣ በተለይም ያለ አሠልጣኝ እርስ በርሳቸው እየተማማሩ የሚወጡ ወጣቶች፣ አደጋን የሚለኩበት መንገድ ነው።

ገደል ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመን፣ በደብረ ዳሞ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ገዳሙ የሚገባው ተሳላሚ፣ በገርዓልታ አቡነ የማታ ጓሕ ለመድረስ ጫማውን አውልቆ አለቱን የሚቧጥጠው ካህን ሁሉም ገደልን በቅርብ ያውቁታል። ነገር ግን ግሸን የነገሥታት ልጆች መጠበቂያ፣ መቅደላም የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ የሆኑት ገደሉ ሰውን ስለሚያርቅ ነበር፤ የሚወጣውም ሰው የሚፈልገው ከላይ ያለውን ነገር እንጂ መውጣቱን አልነበረም። በአውሮፓም ነገሩ ብዙ አይለይም። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር በ1760 (የውጭ አገር ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሞን ብላን የተባለውን የአልፕስ ተራራ ጫፍ የሚደርስበትን መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት ያቀረበው ለምርምር ጓጉቶ ነው፤ በ1786 ከዣክ ባልማ ጋር ጫፉ ላይ የደረሰው ሐኪም ሚሼል ገብርኤል ፓካርም ባሮሜትር ተሸክሞ ነበር። መውጣትን ለመውጣት ብቻ ብሎ መውደድ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ፣ አንዲት እናት «ከላይ ምን አለና ነው?» ብላ ግራ መጋባቷ የሚያስገርም አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው የጆርጅ ማሎሪ መልስ ነው። በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤቨረስትን ለምን መውጣት እንደሚፈልግ ሲጠየቅ «እዚያ ስላለ» አለ፤ በቀጣዩ ዓመት ከጓዱ ከአንድሩ ኧርቪን ጋር በተራራው ላይ ቀረ፤ አስከሬኑም የተገኘው በ1999 ነው። መልሱ ዝነኛ ይሁን እንጂ ጋዜጠኛን ለመሸኘት ካልሆነ በቀር ነገሩን አያስረዳም። የልጅዎ መልስ ከማሎሪ መልስ የተሻለ ነው።

በሥነ ልቦና ሙያችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ማብራሪያ ጠንካራ ስሜት ፍለጋ የሚባለው ነው። አሜሪካዊው ማርቪን ዙከርማን በ1964 ባልደረቦቹን ይዞ ያወጣው መጠይቅ ሰዎች ለአዲስና ለሚያስደነግጥ ነገር ያላቸውን ጉጉት፣ እንዲሁም ለመሰላቸት ያላቸውን ትዕግሥት የሚለካ ሲሆን፣ ተራራ ወጪዎች በአንዳንዱ ክፍል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ውጤት ያመጣሉ። ከዚህ ተነሥቶ «የልብ ምት ፍለጋ ነው» የሚል አባባል ተስፋፋ። እኔ ግን ይህ ማብራሪያ ከዝላይና ከፍጥነት ስፖርት ጋር እንጂ ከመውጣት ጋር በደንብ የሚገጥም አይመስለኝም። መውጣት በአብዛኛው አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ገመድ መፈተሽ፣ ተራ መጠበቅ፣ በብርድ ቆሞ የሌላውን እግር ማየት፣ ከአንድ ስንጥቅ ወደ ሌላው ስንጥቅ እጅን ማሸጋገር። የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሎወንስታይን በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ የትላልቅ ተራራ ወጪዎች የራሳቸው ትረካ በስቃይ፣ በረኀብና በመሰላቸት የተሞላ መሆኑን አስተውሎ፣ የሚገፋፋቸው ነገር ደስታ ብቻ ሊሆን አይችልም ብሏል። እሱ የቆጠራቸው ምክንያቶች ስለ ራስ ጥሩ ግምት ማግኘት፣ የጀመሩትን መፈጸም፣ ችሎታን ማዳበርና ለሕይወት ትርጉም መፈለግ ናቸው።

ለልጅዎ መልስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቲም ዉድማንና በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2013 ያወጡት ጥናት ነው። ከአውሮፕላን በጃንጥላ የሚዘሉ ሰዎችንና ተራራ ወጪዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ዘላዮቹ በዋናነት ጠንካራ ስሜትን የሚፈልጉ ሆነው ሲገኙ፣ ተራራ ወጪዎቹ ደግሞ ስሜታቸውን ለመግራትና የራሳቸው ሕይወት በራሳቸው እጅ እንደሆነ እንዲሰማቸው የሚወጡ ሆነው ተገኙ። በቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታ ወይም በሰው መካከል የሚሰማው ጭንቀት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ጨርሶም የማያልቅ ነው፤ በገደል ላይ የሚሰማው ፍርሃት ግን ምክንያቱ ከእግር በታች ይታያል፣ እጅና እግርም መፍትሔ ያበጁለታል፣ ሲወርዱም ያልቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በ1970ዎቹ ከቼዝ ተጫዋቾች፣ ከቀዶ ሕክምና ሐኪሞችና ከአለት ወጪዎች ጋር ባደረጋቸው ቃለ መጠይቆች የገለጸው በሥራ ውስጥ ፈጽሞ የመስጠም ሁኔታም ይህንኑ ያጠናክራል፤ የሥራው ክብደት ከችሎታ ጋር ሲመጣጠንና ስሕተት ወዲያው ሲታወቅ፣ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ቤት ኪራይ የሚያስብ ቦታ በጭንቅላት ውስጥ አይተርፍም። ልጅዎ ያርፋል ያለው ይህን ይመስለኛል።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ወቅት ልጅዎ ገና በአፍላ ዕድሜው ላይ ነበር። በዚያ ወቅት የእሱን ያህል የነበሩ ልጆች መቼ እንደሚወጡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ማን በሕይወት እንደሚመለስ የሚወስኑት እነሱ አልነበሩም። ገደል የሚወጣው በዚያ ምክንያት ነው ለማለት እሱን ሳላነጋግር አልደፍርም፤ ብዙ የሰላም አገር ልጆችም ይወጣሉ። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት እያንዳንዱን እርምጃ ራሱ የሚወስንበትን ቦታ መውደዱ ከእንደዚያ ዓይነት ዘመን በኋላ ሊገባን ይገባል፤ ሲነጋገሩም ይህን በር ክፍት ቢተዉለት መልካም ነው።

«ሞትን አይፈራም ወይ?» ላሉት፣ በአብዛኛው ይፈራል፤ የሚማረውም ከፍርሃቱ ጋር መሥራትን ነው። ብዙ ጊዜ በተቃራኒው የሚጠቀሰው አሜሪካዊው አሌክስ ሆኖልድ ነው፤ በ2017 ወደ 900 ሜትር የሚደርሰውን የኤል ካፒታንን አለት ያለ ገመድ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ፈጅቶበት ወጥቷል። አንዲት የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ አንጎሉን በኤምአርአይ መርምራ፣ የሚረብሹ ሥዕሎች ሲታዩት አሚግዳላ የተባለው ከፍርሃት ጋር የተያያዘ ክፍል ከሌላው ሰው በተለየ ጸጥ ብሎ እንደነበር አሳይታለች። ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ይዘው የሚቀሩት ያለ ገመድ መውጣቱን ነው። እኔ እንዲያውቁት የምፈልገው ያንኑ መንገድ አስቀድሞ በገመድ ደጋግሞ እንደተለማመደው፣ በ2016ም ጀምሮ ነገሩ ስላልተመቸው ትቶ እንደተመለሰ ነው። አንድ ሰው ትቶ መመለስ መቻሉ ከአንጎሉ ፎቶግራፍ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል።

ወደ አደጋው ልምጣ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቾንሲ ስታር በ1969 እንደጻፈው፣ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚገቡበትን አደጋ በግድ ከሚጫንባቸው አደጋ 1,000 እጥፍ ገደማ አብልጠው ይታገሡታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ስሎቪክም በ1987 ሰው አደጋን የሚፈራው በሟቾች ቁጥር ልክ ሳይሆን፣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥና ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ እየመዘነ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሁለት ግኝቶች እርስዎና ልጅዎ ለምን እንደማትግባቡ ያስረዳሉ። ለእሱ ገደሉ በፈቃዱ የገባበትና የለመደው ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ያልመረጡት፣ እንግዳና አስደንጋጭ ነው። በአንጻሩ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው፣ በክረምት ጭጋግ የሚሸፈነው የሐረጎ ዳገት፣ ሁላችንም ስለለመድነው አያስፈራንም፤ ልጁ በሚኒባስ ሲሳፈር «በሰላም ግባ» ብለን እንሸኘዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ይህን የምለው ገደሉ ከመንገዱ ይሻላል ለማለት አይደለም፤ ፍርሃታችን ብቻውን ጥሩ ሚዛን እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ የልጅዎ አለመፍራትም እንዲሁ ጥሩ ሚዛን አይደለም።

ደግሞም «መውጣት» ተብሎ የሚጠራው አንድ ነገር አይደለም። በጀርመን በሰው ሠራሽ የቤት ውስጥ ግድግዳዎች ላይ ከ515,000 በላይ ጉብኝቶችን ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት ያገኘው 30 ጉዳት ብቻ ነው፤ የሞተ ሰውም አልነበረም። በኤቨረስት ላይ ደግሞ ከመነሻ ሰፈሩ በላይ ከሚወጡት ከ100 ሰዎች 1 ገደማ አይመለስም። ልጅዎ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የትኛው ላይ እንዳለ የሚወስኑት ገመዱ፣ አለቱና ጓደኞቹ ናቸው።

አለቱን በተመለከተ የእኛ አካባቢ የራሱ ጠባይ አለው። የደሴና የሐረጎ ገደሎች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም ባዝልት ናቸው፤ ይህ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ በንብርብሩ መካከል ደግሞ በስብሶ የላላ አፈር ይገኛል። በገርዓልታ ካለው የአሸዋ ድንጋይ በተለየ ጠባዩ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ክፍል እንደ ብረት ጸንቶ ሳለ አጠገቡ ያለው በእጅ ይነቀላል። ደሴ ከጦሳና ከአዝዋ ገደል መካከል ተቀምጣ የመሬት መንሸራተት የሚፈትናትም ቁልቁለቱና ይኸው የላላ ንብርብር ከዝናብ ጋር ሲገናኙ ነው። በወሎ ደግሞ ዝናቡ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግም አለ። ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት ድንጋይ ከላይ ይወርዳል፤ ይህንን የትኛውም የእጅ ጥንካሬ አይመልሰውም።

ተራራ ወጪዎች አደጋን በሁለት የሚከፍሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው የሚያመጣው አደጋ አለ፣ ቦታውና አየሩ የሚያመጡትም አለ። የመጀመሪያው በልምምድ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው የሚቀንሰው ባለመገኘት ብቻ ነው። ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያውን ሲያሸንፉ ሁለተኛውንም ያሸነፉ ይመስላቸዋል። የሚሰማቸው የመቆጣጠር ስሜት ከፊሉ እውነት ስለሆነ ከፊሉ ሐሰት መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ገደል መጥፎ አስተማሪ ነው፤ በተሳሳተ መንገድ የወጣም ሰው ብዙውን ጊዜ በሰላም ይመለሳል፣ በሰላም መመለሱንም የችሎታው ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ልቅ ድንጋይ ረግጦ ያልወደቀ ልጅ ከዚያ የሚማረው ድንጋዩ ጽኑ እንደነበረ ነው።

ተመራማሪው ኢየን ማካመን በአሜሪካ የደረሱ 715 የበረዶ ናዳ አደጋዎችን መርምሮ፣ ሥልጠና የነበራቸው ሰዎች ሳይቀሩ በሚያውቁት ቦታ ላይ ጥንቃቄያቸውን እንደሚጥሉ፣ ግባቸውን አንዴ ከያዙ በኋላ ምልክቶችን እንደማያዩ፣ ከቡድኑ ውስጥ «አዋቂ» ተብሎ የተያዘውን ሰው ያለ ጥያቄ እንደሚከተሉና ሌላ ሰው ሲያያቸው ይበልጥ እንደሚደፍሩ አስረድቷል። በረዶ ባይኖረንም እነዚህ አራቱም በሐረጎ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሚቀረጸው ቪዲዮ የመጨረሻውን ያባብሰዋል። በግንቦት 1996 በኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል 8 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫፍ ያልደረሰ ሁሉ ይመለስ የሚለው ልማድ ይታወቅ ነበር፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ግን ወደ ጫፉ መጓዝ የቀጠሉ ነበሩ። ጫፍ መድረስም መጨረሻው አይደለም። ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ በ1865 ማተርሆርን የተባለውን የአልፕስ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው ሲወርዱ አንዱ ተንሸራተተ፣ ገመዱም ተበጠሰ፤ ከሰባቱ አራቱ ሞቱ። ሰው ሲወርድ ደክሟል፣ እግሩን አያይም፣ ልቡም ቤቱ ገብቷል።

እንግዲህ ስለ መከልከል። አልመክርም፤ ምክንያቱም የ22 ዓመት ሰው ሲከለከል የሚተወው መሄዱን ሳይሆን መናገሩን ነው፤ የት እንደሄደ ማንም የማያውቀው ሰው ደግሞ እግሩ ቢሰበር እንኳ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። መተውም መልስ አይደለም። በእናትነትዎ የሚጠይቁትን ጥያቄ ይለውጡ። «ለምን ትወጣለህ?» የሚለውን ትተው «በመጨረሻ ጊዜ ሳትጨርስ የተመለስከው መቼ ነው? ለምንስ?» ይበሉት። አንድ ምሳሌ ሳያመነታ ከነገረዎት ጥሩ ምልክት ነው፤ «ተመልሼ አላውቅም» ብሎ ከኮራ ግን ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ገና ስላልተፈተነ ነው፤ እኔ በዚህ መልስ እጨነቃለሁ።

ስለ ገመዱም ይጠይቁት፤ በዚህ ላይ እናት ልትረዳ ትችላለች። የአለት መውጫ ገመድ ሰው ሲወድቅ በመጠኑ እየተለጠጠ ጉልበቱን የሚውጥ ልዩ የናይለን ገመድ ነው። በመርካቶም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ ለጭነት መኪና የሚሸጠው ገመድ ክብደት ይሸከማል እንጂ አይለጠጥም፤ ባይበጠስ እንኳ የወደቀውን ሰው ወገብ ሊጎዳ ወይም የታሰረበትን ሊነቅል ይችላል። ናይለን በፀሐይ ብዛት ይደክማል፣ የመኪና ባትሪ አሲድ ደግሞ ሳያስታውቅ ይበላዋል፤ ስለዚህ ገመዱ ጋራዥ ውስጥ ወይም ከባትሪ አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነ ዛሬውኑ ያስነሡት። ከታች ገመዱን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም የራስ መከላከያ ቆብ ያደርጉ እንደሆነም ይጠይቁ። ሳይሸሽጉ መነጋገር ያለብን ሌላም ነገር አለ፤ ሌሊቱን ሲቅም አድሮ በምርቃና ስሜት ጠዋት ገደል የሚወጣ ልጅ ድካሙንም አደጋውንም በትክክል አይለካም። ይህን በግልጽ ይንገሩት።

ከላይ ሕመም አይደለም ያልኩት ግን ያለ ገደብ አይደለም። ከጠብ ወይም ከኀዘን በኋላ ብቻውን ሹልክ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፣ ገመድ ይጠቀም የነበረው ልጅ በድንገት ገመዱን ከተወ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ የሚወዳቸውን ዕቃዎች ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ወይም «ብሞትም ግድ የለኝም» የሚል ቃል በቀልድም ቢሆን ከደጋገመ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ የስፖርት ጉዳይ አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አብረውት ይሂዱ። ራሱን ማጥፋት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅም ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። እርስዎ በጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አላየሁም፤ ከጓደኞቹ ጋር የሚሄድ፣ የሚማር፣ ለእናቱም የሚሰማውን የሚናገር ልጅ ነው።

አብረው ሄደው ማየትዎን በተመለከተ፣ አስቀድመው ይንገሩትና ይሂዱ፤ ድንገት ከደረሱ ግን በእርግጥ ያፍራል። እዚያ ሲደርሱ ከገደሉ ግርጌ አይቀመጡ፤ ድንጋይ የሚወርደው እዚያ ነው፤ ወደ ጎን ራቅ ብለው ይቀመጡ። እሱ በሚወጣበት ጊዜም አይጥሩት፣ ገመዱን የያዘውንም ልጅ አያናግሩት፤ ሁለቱ መስማት ያለባቸው እርስ በርስ ነው። ሁሉም ወርደው ገመዱ ከተጠቀለለ በኋላ የፈለጉትን ይጠይቋቸው።